ሻልክ ያለ ተቀናቃኝ የነገሠበት ሊግ፦ ጋውሊጋ ቬስትፋለን ከጦርነቱ በፊት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስለነበረው የጀርመን እግር ኳስ ሲነሣ አንድ ቁጥር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የጌልዘንኪርሸን ከተማው ክለብ ሻልክ 04 ከ1933/34 እስከ 1943/44 ድረስ በጋውሊጋ ቬስትፋለን፣ ማለትም በቬስትፋለን ክልል ከፍተኛ ሊግ፣ 11 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 11ዱንም ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በነዚህ ዓመታት ካደረጋቸው 189 የሊግ ጨዋታዎች 162ቱን አሸንፎ በ21 አቻ ወጥቷል፤ የተሸነፈው በ6 ብቻ ነው። 924 ግብ አስቆጥሮ 145 ተቆጥሮበታል። ከ1935 እስከ 1939 ባለው ጊዜ ደግሞ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቁጥሩ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ለቁጥሩ በሚሰጠው ምክንያት ላይ ነው። ብዙዎች ጉዳዩን በሻልክ አጭር ቅብብል ይቋጩታል። ቡድኑ ድንቅ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በ1933 በጌልዘንኪርሸንና በኤሰን መካከል የተሰመረው የሊግ ድንበር ባይኖር ኖሮ ይህ ቁጥር እንዲህ አይሆንም ነበር ባይ ነኝ። ይህን ለማየት ሊጉ ከመመሥረቱ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጀርመን ከ1903 ጀምሮ ብሔራዊ ሻምፒዮን ነበራት፤ ብሔራዊ ሊግ ግን አልነበራትም። አገሪቱ በሰባት የክልል ፌዴሬሽኖች ተከፋፍላ፣ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን በሥሩ በርካታ የአውራጃ ሊጎችን ያካሂድ ነበር። የአውራጃ አሸናፊዎች እርስ በርሳቸው ተጋጥመው የክልሉ ሻምፒዮን ይለያል፤ ከዚያ የየክልሉ ምርጦች ወደ ብሔራዊው ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። አንድ ክልል ከአንድ በላይ ክለብ መላክ ይችል ነበር፤ ይህች ነጥብ ወደ ኋላ ላይ ትፈለጋለች። በዚህ አሠራር «አንደኛ ዲቪዚዮን» ውስጥ ነን የሚሉ ክለቦች በመላ አገሪቱ ወደ 600 ይጠጉ ነበር። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ ታላላቆቹ ክለቦች አብዛኛውን ዓመት 7 ለ0 እና 8 ለ1 እያሸነፉ ያሳልፋሉ፣ እውነተኛ ፈተና የሚገጥማቸው በፀደይ ወራት ብቻ ነው።

ሻልክ በምዕራብ ጀርመን ፌዴሬሽን ሥር፣ በሩር አውራጃ ይጫወት ነበር። በዚያ አውራጃ የጌልዘንኪርሸንም የኤሰንም ክለቦች አብረው ነበሩ። የምዕራቡን ዋንጫ በ1929፣ በ1930፣ በ1932 እና በ1933 ወስዷል። ስለዚህ ጋውሊጋ ከመምጣቱ በፊትም ኃያል ነበር፤ ናዚዎች ከምንም አንሥተው የሠሩት ቡድን ነው የሚለው ወሬ ስሕተት ነው።

በመሐል ግን አንድ ዓመት ተቀምቷል። በወቅቱ የጀርመን እግር ኳስ በሕግ አማተር ነበር፤ ለተጫዋች የሚፈቀደው የወጪ ማካካሻ በጨዋታ 5 ማርክ ነው። ሻልክ ከዚያ በላይ ሲከፍል ተገኘና በነሐሴ 1930 ፌዴሬሽኑ የአንደኛውን ቡድን 14 ተጫዋቾች «ፕሮፌሽናል» ብሎ አገዳቸው። የክለቡ የሒሳብ ኃላፊ ዊሊ ኒር ራሱን አጠፋ። እንዲህ ያለው ክፍያ በሻልክ ብቻ የነበረ አልነበረም፤ በየትልልቁ ክለብ የሚደረግ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር። ዕገዳው ሲነሣ ቡድኑ ሰኔ 1 ቀን 1931 ከፎርቱና ዱሰልዶርፍ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ፤ የክለቡ የግሉካውፍ ሜዳ ከሚችለው ሕዝብ እጥፍ ያህል፣ ወደ 70,000 ሰው መጣ። ሜዳው በ1928 የተከፈተው ከኮንሶሊዳሲዮን የድንጋይ ከሰል ማዕድን በተገኘ መሬት ላይ ነው። ከቡድኑ ኮከቦች አንዱ ኤርንስት ኩዞራም በዚያው ማዕድን ሠርቷል። በኋላ ሌላው ኮከብ ፍሪትዝ ሼፓን የኩዞራን እኅት አግብቶ አማቾች ሆነዋል።

ፌዴሬሽኑ ራሱ ክፍያን ሕጋዊ ስለማድረግና አንድ ብሔራዊ ሊግ ስለማቋቋም መወያየት የጀመረው በነዚሁ ዓመታት ነበር። ናዚዎች በጥር 1933 ሥልጣን ሲይዙ ውይይቱ ተቀበረ። ፕሮፌሽናሊዝም ተወግዞ አማተርነት «የጀርመን መንፈስ» ተባለ። ጀርመን ብሔራዊ ሊግ ያገኘችው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1963 ነው።

1933 እና የተሰመረው ካርታ

የስፖርቱ አለቃ ሆኖ የተሾመው ሃንስ ፎን ቻመር ኡንድ ኦስተን የክልል ፌዴሬሽኖቹን አፍርሶ አገሪቱን በ16 የስፖርት ክልሎች ከፈለ። እያንዳንዱ ክልል «ጋው» ተባለ፤ ከፍተኛ ሊጉም ጋውሊጋ። 600 ገደማ የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ክለቦች ወደ 170 ገደማ ወረዱ። በእግር ኳስ ዓይን ብቻ ካየነው ይህ መሻሻል ነበር፤ ደካማ ግጥሚያዎች ቀነሱ፣ ሠንጠረዡ ትርጉም አገኘ።

በእግር ኳስ ዓይን ብቻ ማየት ግን አይቻልም። የሠራተኞች ስፖርት ማኅበራት በዚያው ዓመት ተዘጉ፤ የካቶሊኩም የስፖርት ማኅበር በ1935 ታገደ። ሩር የማዕድንና የብረት ሠራተኞች አገር ስለሆነ ሁለቱም እዚያ ሥር የሰደዱ ነበሩ። በሚያዝያ 1933 የደቡብ ጀርመን ታላላቅ ክለቦች አይሁድ አባላትን ለማስወጣት ዝግጁ መሆናቸውን ማንም ሳያስገድዳቸው አስታወቁ፤ ብሔራዊው ፌዴሬሽንም በዚያው ወር ተከተለ። የሻልክ ሁለተኛ ሊቀ መንበር የነበረው የጥርስ ሐኪም ፓውል አይሽንግሩን አይሁዳዊ በመሆኑ ኃላፊነቱን ለቀቀ። «ኪከር» የተባለውን የእግር ኳስ መጽሔት የመሠረተው ቫልተር ቤንዘማን ወደ ስዊዘርላንድ ተሰድዶ በ1934 እዚያው ሞተ። በሠንጠረዡ ላይ የምናያቸው አሥር የክለብ ስሞች እነዚህ ሰዎች ከተባረሩ በኋላ የቀሩት ናቸው።

አሁን ወደ ድንበሩ። ዘጠነኛው ክልል ቬስትፋለን ሲሆን አሥረኛው ኒደርራይን ነው። መስመሩ አዲስ ፈጠራ አልነበረም፤ የድሮውን የፕሩሲያ አውራጃዎች ወሰን ተከትሎ የሄደ ነው። የሩር ከተሞች ግን በዚያ ወሰን አይኖሩም። ከጌልዘንኪርሸን መሐል ተነሥቶ ኤሰን መሐል ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትራም ይበቃል። ቢለፌልድ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአዲሱ ካርታ ሻልክ፣ ቦኹም፣ ዶርትሙንድ፣ ሄርነ፣ ሃገን፣ ሙንስተርና ቢለፌልድ በአንድ ወገን ሆኑ፤ ኤሰን፣ ኦበርሃውዘን፣ ዱይስቡርግና ዱሰልዶርፍ በሌላው። ኮሎኝ ደግሞ በሦስተኛው፣ በሚትልራይን ገባች።

ይህ ምን አመጣ? ሰኔ 11 ቀን 1933፣ በአሮጌው አሠራር የመጨረሻ ዓመት፣ ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት ፍጻሜ የተጋጠሙት ሁለቱም የምዕራብ ክለቦች ነበሩ፤ ፎርቱና ዱሰልዶርፍ ሻልክን 3 ለ0 አሸነፈ። በቀጣዩ ውድድር ዘመን ሁለቱ በተለያየ ሊግ ተቀመጡ። ፎርቱና ከ1936 እስከ 1940 ኒደርራይንን በተከታታይ አምስት ጊዜ ወሰደ፤ ሻልክም ቬስትፋለንን። ሁለቱ በአንድ ሊግ ቢሆኑ ኖሮ ከሁለቱ አንዱ በየዓመቱ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። በጥር 1938 በተካሄደው የ1937 የቻመር ዋንጫ (በስፖርቱ አለቃ ስም የተሰየመው ብሔራዊ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ እንደገና ሲገናኙ ሻልክ 2 ለ1 አሸነፈ። በአንድ ግብ ልዩነት ነው! በሳምንታዊው ሊግ ሻልክን እንዲህ የሚይዝ ጎረቤት በወሰኑ ማዶ ነበር ማለት ነው።

ወሰኑ በሌላም መንገድ ጠቅሟል። በአዲሱ ሕግ ከእያንዳንዱ ክልል አንድ ሻምፒዮን ብቻ ወደ ብሔራዊው ውድድር ያልፋል። ሩር በሁለት ባይከፈል ኖሮ ሁለት የሚያክሉ ኃያላን ለአንዲት ቦታ ይታገሉ ነበር።

ውድድሩ እንዴት ይካሄድ ነበር

አሥር ክለቦች፣ ደርሶ መልስ፣ ለእያንዳንዱ 18 ጨዋታ። ማሸነፍ 2 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ በምትካቸው ከታችኛው ሊግ የየቡድኑ አሸናፊዎች ተጋጥመው ሁለቱ ያልፋሉ። ሻምፒዮኑ በፀደይ ከሌሎቹ 15 የጋው ሻምፒዮኖች ጋር በአራት ምድብ ይደለደላል። በምድብ አራት ክለብ አለ፤ ስድስት ጨዋታ ደርሶ መልስ ተደርጎ የምድቡ አንደኛ ብቻ ግማሽ ፍጻሜ ይገባል። ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ በገለልተኛ ሜዳ አንድ አንድ ጨዋታ ናቸው። ስለዚህ ብሔራዊ ሻምፒዮን የሚሆን ክለብ 18 ሲደመር 6 ሲደመር 2፣ በጥቅሉ 26 ጨዋታ ያደርጋል። ከ1935 ጀምሮ የቻመር ዋንጫ ተጨመረበት። ኦስትሪያና የቼኮዝሎቫኪያ የነበረው ሱዴተን ወደ ጀርመን ከተጠቃለሉ በኋላ በ1938/39 የክልሎቹ ቁጥር 18 ሆነ።

በመጀመሪያው ዓመት ከገቡት አሥር ክለቦች ፕሮይሰን ሙንስተርና አርሚንያ ቢለፌልድ ስማቸው ዛሬም ይታወቃል። አርሚንያ ወዲያው ወረደ፤ የተመለሰው በ1938 ነው። በተረፈ ሊጉ እንደ ሆንትሮፕ፣ ሄርተንና ሮህሊንግሃውዘን ባሉ የማዕድን ሠፈር ክለቦች የተሞላ ነበር። በየሠፈራቸው የተወደዱ፣ ጠንካራ፣ ሻልክን ግን በ18 ሳምንት ውድድር የሚያሳድዱ አልነበሩም።

የድሮ ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው የሚሳሳትባቸው ጥቂት ቦታዎች ስላሉ እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። የነጥብ ዓምዱ ሁለት ቁጥር አለው፤ «31፡5» የሚል ካያችሁ 31 የተገኘው፣ 5 የጠፋው ነጥብ ነው። ለምሳሌ 14 ድል፣ 3 አቻና 1 ሽንፈት ይህን ይሰጣል። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ የጨዋታው እጥፍ መሆን አለበት፤ ለ18 ጨዋታ 36። ካልሆነ አንድ ጨዋታ ጎድሏል ወይም ቁጥሩ ሲገለበጥ ተሳስቷል። መላው ሠንጠረዥም ይፈተሻል፤ አሥር ክለብ 90 ጨዋታ ያደርጋል፣ የተገኘው ነጥብ በጠቅላላ 180 ይሆናል፣ ክለቦቹ ያስቆጠሯቸው ግቦች ድምር ከተቆጠሩባቸው ድምር ጋር እኩል ይመጣል። በፎርፌ የተወሰነ ጨዋታ ካለ ነጥቡ ተመዝግቦ ግቡ የማይመዘገብበት ጊዜ ስላለ፣ ልዩነት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ሁለት ክለቦች በነጥብ እኩል ሲሆኑ የሚለያቸው የግብ ልዩነት አልነበረም። ያስቆጠሩት ግብ ለተቆጠረባቸው ይካፈላል። 30 አስቆጥሮ 10 የገባበት ክለብ 3.00 ያገኛል፤ 48 አስቆጥሮ 18 የገባበት 2.67። በዛሬው ስሌት ሁለተኛው በ30 ንጹሕ ግብ ከፊት ይሆናል፣ በያኔው ግን የመጀመሪያው ይቀድማል። ይህ አሠራር ግብ ለማይገባበት ቡድን ያደላል፤ በዘመኑ የነበረ ተከላካይ አንዲት ግብ ምን ያህል እንደምትጎዳው ያውቅ ነበር።

ሌላው ስሕተት ሠንጠረዡን ወደ 3 ነጥብ ቀይሮ «እውነተኛው ደረጃ ይህ ነበር» ማለት ነው። 12 ድልና 6 ሽንፈት ያለው ክለብ 24 ነጥብ ነበረው፤ 10 ድል፣ 5 አቻ፣ 3 ሽንፈት ያለው 25። በ3 ነጥብ ሲቀየር 36 ለ35 ሆኖ ቦታ ይለዋወጣሉ። ክለቦቹ ግን ለአቻ የወጡት ግማሽ ድል መሆኑን አውቀው ነው፤ ሕጉ ሌላ ቢሆን ኖሮ ጨዋታቸውም ሌላ ይሆን ነበር።

ስም ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ቪኤፍኤል ቦኹም የሚባለው ክለብ በሚያዝያ 1938 ሦስት ክለቦች ተዋሕደው የተፈጠረ ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው ሠንጠረዥ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ ገርማንያ ቦኹምን ነው መፈለግ ያለባችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጋው ሻምፒዮንነትንና የጀርመን ሻምፒዮንነትን አታደባልቁ። የመጀመሪያውን ሻልክ 11 ጊዜ፣ ሁለተኛውን በዚሁ ዘመን 6 ጊዜ ወስዷል፤ 1934፣ 1935፣ 1937፣ 1939፣ 1940 እና 1942።

ቅብብሉ

ድንበሩ ሊጉን ያቀልላል እንጂ ብሔራዊ ዋንጫ አያስገኝም፤ እዚያ ላይ ሙሉ ምስጋናው ለቡድኑ ነው። ጀርመኖች «የሻልክ አዙሪት» የሚሉት አጨዋወት ዘር የመጣው እንግሊዝ አገር ካደጉት ከባልማን ወንድማማቾች ነው። መሠረቱ ኳስን መሬት ለመሬት፣ አጭር፣ በአንድ ወይም በሁለት ንክኪ መስጠት ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ከሰጠ በኋላ ያለው ነው። የሰጠው ተጫዋች ቆሞ አያይም፤ ወዲያው ወደ ክፍተቱ ይሮጣል። የተቀበለው ሳይይዝ ለሦስተኛው ያቀብላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ለመጀመሪያው ሯጭ። ሰው ለሰው የሚይዝ ተከላካይ እዚህ ላይ ይጨነቃል፤ ሰውየውን ቢከተል ቦታው ይከፈታል፣ ቦታውን ቢጠብቅ ሰውየው ነፃ ይሆናል። በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ከሦስት ተጋጣሚ ተጫዋች ወደ ሁለት መውረዱም ለእንዲህ ያለ ሩጫ በር ከፍቷል።

ሼፓን ፈጣን አልነበረም፤ ፍጥነቱ በዓይኑና በቅብብሉ ላይ ነበር። ለብሔራዊ ቡድን 34 ጊዜ ተሰልፎ በ1934ቱ የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ የወጣውን ቡድን በአምበልነት መርቷል። ኩዞራ ጨራሹ ነው። ሰኔ 24 ቀን 1934 በበርሊን በተደረገው ፍጻሜ ኑረምበርግ እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 1 ለ0 ይመራ ነበር። ሼፓን አቻ አደረገ፤ በ90ኛው ደቂቃ ከሆድ ዕቃ መውረድ ሕመም ጋር ሲጫወት የነበረው ኩዞራ ሁለተኛውን አስቆጠረ። የክለቡ የመጀመሪያ ብሔራዊ ዋንጫ ይህ ነው። ያን ቡድን ያሠለጥን የነበረው ሃንስ ሽሚት ራሱ የኑረምበርግ የቀድሞ ተጫዋች ነበር።

ከዚያ በብሔራዊ ፍጻሜ በ1935 ሽቱትጋርትን 6 ለ4፣ በ1937 ኑረምበርግን 2 ለ0። በ1937 ብሔራዊ ሻምፒዮንነትንና የቻመር ዋንጫን አንድ ላይ በመውሰድ በጀርመን የመጀመሪያው ሆነ። በግንቦት 1937 በብሬስላው ዴንማርክን 8 ለ0 ባሸነፈው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ሼፓን፣ ገለሽና ኡርባን ነበሩ፤ ሦስቱም የሻልክ። ሰኔ 18 ቀን 1939 ደግሞ ሻልክ በብሔራዊ ፍጻሜ አድሚራ ቪየናን 9 ለ0፤ ካልቪትስኪ ብቻውን አምስት አገባ።

የሚሸነፉባቸው ቀናትም ነበሩ። የ1935ንና የ1936ን የቻመር ዋንጫ ፍጻሜዎች በኑረምበርግና በላይፕሲግ ተነጥቀዋል፤ በ1938 ብሔራዊ ፍጻሜ ሃኖቨር 96 ከ3 ለ3 አቻ በኋላ በድጋሚው ጨዋታ 4 ለ3 አሸነፋቸው። ኑረምበርግ፣ ላይፕሲግ፣ ሃኖቨር፤ ሁሉም ከቬስትፋለን ውጭ ናቸው።

ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ስማቸው የፖላንድ ድምፅ ስላለው በ1934 አንድ የፖላንድ ጋዜጣ «ዋንጫው በፖላንዳውያን እጅ ነው» ሲል ጻፈ። ክለቡ የተጫዋቾቹን ወላጆች የትውልድ ቦታ ዘርዝሮ ለኪከር ላከ፤ አብዛኞቹ ከምሥራቅ ፕሩሲያዋ ማዙርያ የመጡ የጀርመን ዜጎች ናቸው የሚል ነበር መልሱ። አገዛዙ ሻልክን የሠራተኛው ሕዝብ ምሳሌ አድርጎ ሲያሳይ ተጫዋቾቹም ተጠቅመዋል። ሼፓን በ1938 በሻልክ ገበያ አደባባይ የነበረ የአይሁዶች የጨርቃ ጨርቅ መደብር በርካሽ እጁ አስገባ፤ ባለቤቶቹ በኋላ ወደ ሪጋ ተወስደው ተገደሉ። ስለ ታላቅነቱ ሲጻፍ ይህም አብሮ መጻፍ አለበት።

ዶርትሙንድና ከዚያ በኋላ

የዛሬው የሻልክና የዶርትሙንድ ታላቅ ደርቢ በጋውሊጋ ዘመን ደርቢ ለመባል አይበቃም ነበር። ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ወደ ሊጉ የገባው በ1936 ነው። በጥቅምት 1936 በመጀመሪያው የሊግ ግጥሚያቸው ሻልክ 4 ለ1 አሸነፈ። ዶርትሙንድ በ1937 የሆሽ ብረት ፋብሪካ ሲስፋፋ የቀድሞ ሜዳውን አጥቶ ወደ ሮተ ኤርደ ተዛወረ፤ በ1937/38 ሁለተኛ ወጣ። ሆኖም በጥቅምት 1940 10 ለ0 ተሸንፏል። በጋውሊጋ ሻልክን ለማሸነፍ እስከ ኅዳር 1943 ጠበቀ፤ 1 ለ0፣ አግቢው አውጉስት ሌንዝ።

ከመስከረም 1939 በኋላ ያሉትን ሠንጠረዦች ከነዚህ ጋር ማነጻጸር አይገባም። ተጫዋቾች ወደ ግንባር ሄደዋል፣ በየጦር ሠፈሩ ያሉ ወታደሮች ለሌላ ክለብ በእንግድነት ይሰለፋሉ፤ ኡርባንም በ1943 በምሥራቅ ግንባር ሞቷል።

ድንበሩን በተመለከተ ያነሣሁትን የሚፈትነው ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ነው። በ1947 ኦበርሊጋ ቬስት ሲቋቋም ቬስትፋለን፣ ኒደርራይንና ሚትልራይን በአንድ ሊግ ተጠቃለሉ፤ ጌልዘንኪርሸን፣ ኤሰን፣ ዱሰልዶርፍና ኮሎኝ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ገቡ። ሊጉ እስከ 1963 ድረስ 16 ውድድር ዘመን ቆየ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎች ዶርትሙንድ ወሰደ። ሻልክ ያገኘው ሁለት ነው፤ 1951 እና 1958። እርግጥ ነው፣ ሼፓንና ኩዞራ ያኔ አርጅተው ነበር፣ የድሮው ቡድንም ፈርሷል፤ ልዩነቱን ሁሉ ለካርታው መስጠት አይቻልም። ግን በዚያው ጊዜ ከ10 ኪሎ ሜትር ማዶ ያለው ሮት ቫይስ ኤሰንም በ1952 እና በ1955 ሁለት ወስዷል።